ብርሃን ያጠነክራል፣ ብርሃን ያኮማትራል

በነጩ ሙሌት ጥርሱን ያስሞላ ሰው ሁሉ ያቺን ቅጽበት ያውቃታል። ሐኪሙ ለስላሳውን ኮምፖዚት ጉድጓዱ ውስጥ ጠቅጥቆ ቅርጽ ያስይዘዋል፤ ብርቱካናማው መከለያ ይነሣል፤ ሰማያዊው መብራት ይበራል፤ መሣሪያው ጢጥ ሲል ሥራው አለቀ ይባላል። ታካሚው ሙሌቱ በመብራቱ ሙቀት የደረቀ ይመስለዋል። ከሙሌቱ የተነነ ምንም ነገር ግን የለም፤ ሙቀቱም ዋናው ሠራተኛ አይደለም። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ጥቃቅን ሞለኪውሎች እየተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለት፣ ሰንሰለቶቹም እርስ በርስ እየተጠላለፉ መረብ ይሆናሉ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሙሌቱን የሚያጠነክረው ያው መያያዝ ሙሌቱን ያኮማትረዋል።

ከ1980ዎቹ ወዲህ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጥርስ ቁሳቁስ ተመራማሪዎች ብዙ ቀለም ያፈሰሱት በዚህ መኮማተር ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ጽሑፎቹን ከዳር እስከ ዳር ላነበበ ሰው ሚዛኑ ያዘነበለ መሆኑ ይታየዋል። መኮማተሩ ያደርሳል የተባለው ጉዳት በቤተ ሙከራ ጎልቶ ታይቶ በታካሚ አፍ ውስጥ ሲፈለግ ይደበዝዛል። በቂ ብርሃን ያላገኘ ሙሌት የሚያመጣው ጉዳት ግን ከኬሚስትሪው ጀምሮ አያከራክርም፤ ሆኖም የተሰጠው ትኩረት አነስተኛ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሣ። በ1955 በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ይሠራ የነበረው ማይክል ቡኦኖኮሬ የጥርስ ውጫዊ ሽፋን የሆነውን ኢናሜል ለ30 ሰከንድ በፎስፎሪክ አሲድ ቀብቶ ሲያጥበው፣ አክሪሊክ ከጥርሱ ጋር አጥብቆ እንደሚጣበቅ አሳየ። በዚያን ዘመን የነበረው አክሪሊክ ግን ሲጠነክር ክፉኛ ይኮማተር ነበር፤ የተሠራበት ሜቲል ሜታክሪሌት ብቻውን ሲጠነክር ከይዘቱ 21 በመቶ ያህል ያጣል። በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ራፋኤል ቦወን በ1962 የፈጠራ መብት ያገኘበት ቢስ-ጂኤምኤ የተሰኘ ሬዚን የመጣው ለዚህ መልስ ሆኖ ነው። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ መኮማተሩ ወደ 5 ወይም 6 በመቶ ይወርዳል። ቦወን በዚህ ላይ የኳርትዝ ብናኝ ጨመረበት፤ ብናኙንም በሲሌን ሸፍኖ ከሬዚኑ ጋር አስተሳሰረው። ብናኝ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ብናኙ በበዛ ቁጥር የሚኮማተረው ክፍል ያንሳል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ኮምፖዚት የዚያ ውጤት ነው። ጠቅላላ መኮማተሩም ባብዛኛው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሲሆን፣ ብናኝ የቀነሰላቸው ፈሳሽ ኮምፖዚቶች ከዚያ ይበልጣሉ።

ቢስ-ጂኤምኤ እጅግ ወፍራም በመሆኑ ሳይቀጥን አይሠራም። ማቅጠኛው ብዙውን ጊዜ ቴግዲኤምኤ የተባለው አነስተኛ ሞለኪውል ነው፤ እሱ ደግሞ ከቢስ-ጂኤምኤ በእጥፍ በላይ ይኮማተራል። ለሐኪሙ እጅ የተመቸ ለስላሳነት በመኮማተር ይከፈላል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኮምፖዚቶች ሁለት ክሬሞችን በማቀላቀል በኬሚካል የሚጠነክሩ ነበሩ። ሐኪሙ ቅርጹን ሳይጨርስ ይጠነክሩበታል፤ ሲቀላቀሉም አየር ይገባባቸዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአልትራቫዮሌት የሚጠነክሩት መጡ፤ ጨረሩ ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለማይገባና ለዓይንም ስለሚያሰጋ ዕድሜ አላገኙም። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ በሚታይ ሰማያዊ ብርሃን የሚጠነክሩት ተኳቸው። በዚያን ጊዜ የተመረጠው ካምፎርኪኖን የተባለ ቢጫ ውሕድ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ካምፎርኪኖን ይበልጥ የሚውጠው የሞገድ ርዝመቱ 468 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ነው። ብርሃኑን ሲውጥ አሚን ከሚባል ረዳቱ ጋር ተገናኝቶ ነፃ ራዲካል ይፈጥራል፤ ራዲካሉ የአንዱን ሞለኪውል ድርብ ትስስር ከፍቶ ከሌላው ጋር ያጋባዋል፤ ጋብቻው ከዚያ በኋላ ራሱን በራሱ ያስቀጥላል። መብራቱ ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ፣ በዝግታ ይቀጥላል። ወሳኙ ድርሻ የሚከናወነው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው፤ ያኔ ብርሃን ያልደረሰውን ክፍል ጊዜ አያድነውም።

መኮማተሩ ከየት ይመጣል? ያልተያያዙ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚጠብቁት ርቀት አለ፤ በኬሚካል ትስስር ሲጣመሩ ርቀቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ተራርቀው የቆሙ ሰዎች እጅ ለእጅ ሲያያዙ የሚይዙት ቦታ እንደሚጠብ ማለት ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በአንድ ዓይነት ቁሳቁስ ውስጥ ብዙ ትስስር ማለት ብዙ መኮማተር ነው። ዘዴ ፈጥሮ መኮማተሩን የቀነሰ ሰው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ትስስሩንስ አብረህ አልቀነስክም ወይ? የሚል ነው። በጥሩ ሁኔታ በጠነከረ ኮምፖዚት ውስጥ እንኳ የሚያያዘው ድርብ ትስስር ከ50 እስከ 75 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መረቡ እየጠበቀ ሲሄድ ሞለኪውሎቹ መንቀሳቀሻ አጥተው ባሉበት ይቀራሉ።

መኮማተሩ ብቻውን ጥርስን አይጎዳም። ኮምፖዚቱ በነፃ ተቀምጦ ቢኮማተር ማንም አይሞትም። ጉዳቱ የሚመጣው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ሲኮማተር ነው። መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ስለሆነ ይፈስሳል፣ ይለቃል፤ ጄል ከሆነ በኋላ ግን አይፈስስም፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው መኮማተር በሙሉ ወደ ውጥረት ይለወጣል። ውጥረቱ የመኮማተሩ መጠንና የቁሳቁሱ ግትርነት አብረው የሚወስኑት ነው። ብናኙ የበዛ ኮምፖዚት ትንሽ ይኮማተራል፤ ግን ግትር ነው። ፈሳሹ ብዙ ይኮማተራል፤ ግን ይለመጣል። ስለዚህ "ይህ ቁሳቁስ የሚኮማተረው 2 በመቶ ብቻ ነው" የሚል የማስታወቂያ ወረቀት ስለ ውጥረቱ የሚናገረው ጥቂት ነው።

በ1987 ፋይልዘር፣ ዴ ኔ እና ዴቪድሰን የተባሉ የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ለዚህ ውጥረት ቀላል መለኪያ አበጁለት፤ የተጣበቁ ፊቶች ስፋት ላልተጣበቁት ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። በመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ ላይ የተቆፈረ ሳጥን አምስት የተጣበቁ ፊቶችና አንድ ክፍት ፊት አለው፤ ፊቶቹ እኩል ቢሆኑ ቁጥሩ 5 ይሆናል። መውጫ በሌለው ሳጥን ውስጥ የሚኮማተር ነገር ወይ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ ወይ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ሁለቱም ታይተዋል። የጥርሱ ጉብታዎች በማይክሮሜትር ደረጃ ወደ ውስጥ ሲሳቡ ተለክቷል፤ በሙሌቱ ጠርዝ ላይ ያለው ኢናሜል ተሰንጥቆ ነጭ መስመር ሲያወጣም ሐኪሞች ያዩታል። ከሙሌት በኋላ ሲነክሱ የሚሰማ ሕመምም ብዙ ጊዜ በዚህ ይሳበባል፤ ለሱ ግን ሌሎችም ምክንያቶች አሉ።

ለመከላከል የተዘየደው ቀዳሚው መላ ኮምፖዚቱን በ2 ሚሊሜትር ንጣፍ፣ ንጣፍ እያደረጉ መሙላት ነው። ይህ በየማስተማሪያው የተጻፈ፣ ተማሪ የሚፈተንበት ሕግ ነው። በ1996 አንቴውኒስ ቨርስለስና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ስሌት ተነሥተው የንጣፍ አሞላል የጥርሱን መጎተት እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል ብለው ጻፉ፤ የመጀመሪያው ንጣፍ ግድግዳውን ትንሽ ስቦ ያስቀረዋል፣ ቀጣዩ የጠበበውን ክፍተት ይሞላና እንደገና ይስባል፣ ድምሩ ከአንድ ጊዜ ሙሌት ይበልጣል። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። በእኔ አመለካከት የንጣፍ አሞላል መከበር ያለበት በመኮማተሩ ምክንያት ሳይሆን በብርሃኑ ምክንያት ነው፤ ከ2 ሚሊሜትር ጥልቀት በታች ያለው ተራ ኮምፖዚት በቂ ብርሃን አያገኝምና። ትክክለኛ ሥራ በተሳሳተ ምክንያት ሲሠራ መቆየቱ በሕክምና ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም።

ሌላም ለረጅም ጊዜ የታመነ ነገር ነበር፤ ኮምፖዚት ወደ ብርሃኑ ይኮማተራል የሚል። በዚህ እምነት ምክንያት ሐኪሞች መብራቱን ከጥርሱ ጎን ለማስገባት ይጣጣሩ ነበር። ያው የቨርስለስ ቡድን በ1998 አቅጣጫውን የሚወስነው ብርሃኑ ሳይሆን የተጣበቁት ግድግዳዎችና የሙሌቱ ቅርጽ መሆኑን አሳየ።

ሦስተኛው መላ በቀጥታ መብራቱን የሚመለከት ነው። በዝግታ ማብራት። መጀመሪያ በደካማ ብርሃን ጀምሮ ቀስ በቀስ ማበርታት፣ ወይም ለአጭር ጊዜ አብርቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ እንደገና በሙሉ ኃይል ማብራት። ሐሳቡ ጄል የሚሆንበትን ሰዓት በማዘግየት ኮምፖዚቱ እንዲፈስስና ውጥረቱን እንዲያራግፍ ጊዜ መስጠት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተሸጡ መብራቶች ይህ አማራጭ የሌለው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቤተ ሙከራ ውጥረቱ ሲቀንስ ታይቷል። ጥርጣሬው የመጣው በኋላ ነው። ከእነዚህ ሙከራዎች በብዙዎቹ ውጥረቱ ሲወርድ የትስስሩም መጠን አብሮ ወርዷል፤ ያልተያያዘ ነገር ደግሞ መቼም አይወጠርም። አስሙሰንና ፖይትስፌልት የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ያሳዩት ይበልጥ ያሳስባል። የትስስሩ መጠን እኩል ሆኖ እንኳ በዝግታ የጠነከረው ሙሌት ውስጥ የሰንሰለቶቹ መጠላለፍ ያንሳል፤ በኢታኖል ውስጥ ሲዘፈዘፍ ቶሎ ይለሰልሳል። ውጥረት ቀነሰልን ሲባል ጠላ ላይ የሚለሰልስ ሙሌት ማግኘት ንግድ አይደለም። በታካሚዎች ላይ በተደረጉ ንጽጽሮችም በዝግታ የጠነከሩት የተሻለ ዕድሜ አላሳዩም።

አሁን ወደ ብርሃኑ መጠን እንምጣ፤ እኔ ከሁሉ የማተኩረው እዚህ ላይ ነው። ሙሌቱ የሚቀበለው ጉልበት የመብራቱ ኃይልና የጊዜው ብዜት ነው። አንድ መብራት በካሬ ሴንቲሜትር 400 ሚሊዋት የሚሰጥ ከሆነና 40 ሰከንድ ቢበራ 16 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ይህ ለ2 ሚሊሜትር ንጣፍ በስፋት የሚጠቀስ መጠን ነው። 800 ሚሊዋት የሚሰጠው በ20 ሰከንድ እዚያው ይደርሳል፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ኃይሉ በጣም ሲበዛና ጊዜው በጣም ሲያጥር ግን ብዜቱ አይታመንም፤ ብዙ ራዲካል በአንድ ጊዜ ሲፈጠር እርስ በርሱ እየተጠፋፋ ሰንሰለቱ አጭር ይሆናል።

ችግሩ መብራቱ ከጫፉ የሚያወጣው ጉልበትና ከጉድጓዱ ወለል የሚደርሰው ጉልበት ለየብቻ መሆናቸው ነው። ሁለት ጥርሶች በሚገናኙበት ጎን የተቆፈረ ሳጥን ወለሉ ከመብራቱ ጫፍ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ይርቃል፤ በዚህ ርቀት አንዳንድ መብራቶች ከግማሽ በላይ ጉልበታቸውን ያጣሉ። ሁለተኛ መንጋጋ ላይ ደግሞ የአፉ ስፋት ስለማይፈቅድ ጫፉ ያዘነብላል፤ ጥላ ይወድቃል። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ርዝመቱ 11 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ብዙ መብራቶች ጫፋቸው 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር የተሞላ ጥርስ አንዴ ብቻ ሲበራበት አንዱ ዳር ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ጠቆር ያለ ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ቀለም ከነጣው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። በጫፉ ላይ የተጣበቀ የድሮ ኮምፖዚት፣ ለንጽሕና የተጠቀለለ ፕላስቲክ፣ ሁሉም የየድርሻውን ይወስዳሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የሰው እጅ ነው። በካናዳ ሃሊፋክስ፣ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቻርድ ፕራይስና ባልደረቦቹ በአሻንጉሊት አፍ ውስጥ የብርሃን መለኪያ ቀብረው ሐኪሞችንና ተማሪዎችን ፈተኑ። በአንድ መብራት፣ በአንድ ጥርስ ላይ፣ ለእኩል ሰከንድ ያበሩ ሰዎች ያደረሱት ጉልበት እጅግ የተራራቀ ሆኖ ተገኘ። ብርቱካናማ መነጽር አድርጎ ዓይኑን ከጥርሱ ላይ ያልነቀለው ብዙ ያደርሳል፤ ብርሃኑን ሸሽቶ ፊቱን ያዞረው፣ ጫፉም ሳያውቀው የተንሸራተተበት፣ ጥቂት ያደርሳል። ሥልጠና ሲሰጣቸው ውጤቱ ተሻሻለ። ዓይን የሚሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰማያዊ ብርሃን ለሬቲና አደገኛ ነው። መድኃኒቱ ግን መነጽር ማድረግ ነው።

በቂ ብርሃን ያላገኘ ሙሌት ላዩ ጠንካራ ሆኖ ሥሩ ለስላሳ ይሆናል። ሐኪሙ በመሣሪያው ሲነካው ላዩ ስለሚጮህ አይታወቅም። ሥሩ ግን ያልተያያዙ ሞለኪውሎችን ያንጠባጥባል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ከጥርሱ ጋር ያለው ማጣበቂያ ይደክማል። ተመራማሪዎች ይህን የሚያዩት የላዩንና የሥሩን ጥንካሬ በማወዳደር ነው፤ የሥሩ ጥንካሬ ከላዩ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል። አይኤስኦ 4049 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ቀለል ያለ ፈተና አለው፤ በብረት ቅርጽ ውስጥ የጠነከረውን ሲሊንደር አውጥቶ ያልጠነከረውን ፍቆ መጣል፣ የተረፈውን ለክቶ ለሁለት ማካፈል። ፈተናው ይቅር ባይ ነው። መብራቱ ቅርጹ ላይ ተለጥፎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ ነው የሚበራው። እንዲህ ያለ አፍ ያለው ታካሚ አላየሁም።

መሣሪያዎቹ ግን በእርግጥ ተሻሽለዋል። የሃሎጅን መብራቶች አምፑላቸው ከመቶ ሰዓት ገደማ በኋላ ይደክም ነበር፤ ድካሙም ለዓይን አይታይም። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ያገኙበት ሰማያዊ ኤልኢዲ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ከገባ ወዲህ ለሺዎች ሰዓታት የሚቆይ፣ ማራገቢያ የማይፈልግ፣ በባትሪ የሚሠራ መብራት ተገኝቷል። መብራት በሚቆራረጥባቸው የእኛ ከተሞች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉድለትም አለው። ኤልኢዲ የሚያወጣው ጠባብ ሞገድ ነው። አንዳንድ ነጫጭ ቀለሞች ከካምፎርኪኖን ቢጫነት ለመሸሽ ቲፒኦ የተባለ ወደ ሐምራዊ የሚያዘነብል ብርሃን የሚውጥ ቀስቃሽ ይጠቀማሉ፤ ሰማያዊ ብቻ የሚያወጣ ኤልኢዲ ይህን በቅጡ አይቀሰቅሰውም። ባለ ብዙ ሞገድ መብራቶች የመጡት ለዚህ ነው። ርካሽ መብራት የሚገዛ ክሊኒክ የሚጠይቀው ስለ ሚሊዋት ብቻ ከሆነ ግማሹን ጥያቄ ረስቷል። በተለያዩ አገሮች ክሊኒኮችን የጎበኙ ፈታሾች ከሚፈለገው በታች የሚያበሩ ብዙ መብራቶች አግኝተዋል፤ የእጅ መለኪያ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ያው መብራት ከወር ወር ሲደክም ለመያዝ ይበቃል።

የቁሳቁስ አምራቾች በበኩላቸው መኮማተሩን ከሥሩ ለመንቀል ሞክረዋል። በ2007 ገበያ ላይ የዋለው ሲሎሬን ሞለኪውሎቹ ሲያያዙ ቀለበታቸው ስለሚከፈት ከ1 በመቶ በታች ይኮማተር ነበር። የቤተ ሙከራው ቁጥር ያማረ ነበር። በታካሚዎች ላይ ለዓመታት ክትትል ሲደረግ ግን ከተራው ኮምፖዚት የበለጠ ነገር አላሳየም፤ ከገበያም ወጣ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ጥናት ትልቁ ምስክር ይህ ነው። መኮማተር ዋናው ጠላት ቢሆን ኖሮ፣ ያን ያህል ያነሰ መኮማተር ያለው ሙሌት ልዩነቱ በዓይን በታየ ነበር። በ4 ሚሊሜትር የሚሞሉት የጅምላ ኮምፖዚቶች ግን ጸንተው ቆይተዋል፤ ብርሃን ይበልጥ ያሳልፋሉ፣ ጊዜም ይቆጥባሉ።

በ2014 ኒክ ኦፕዳምና ባልደረቦቹ 12 የረጅም ጊዜ ጥናቶችን ደምረው የመንጋጋ ኮምፖዚቶች በየዓመቱ የሚበላሹት በ5 ዓመት ውስጥ 1.8 በመቶ፣ በ10 ዓመት ደግሞ 2.4 በመቶ መሆኑን አስልተዋል። የሚበላሹበት ዋና ምክንያት እንደገና መበስበስና መሰበር ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚመዝነው ታካሚው ለጥርስ መበስበስ ያለው ተጋላጭነትና የተሞሉት ፊቶች ብዛት ነበር። ጃክ ፌራካኔና ቶማስ ሂልተን በ2016 ይኸው የመኮማተር ውጥረት በታካሚ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ቀጥተኛ ማስረጃ አለ ወይ ብለው ፈልገው እምብዛም አላገኙም። እንደዚያም ሆኖ ውጥረቱን ንቆ መተው አይገባም። ጥልቅ ሳጥን፣ የሳሳ ግድግዳ፣ የደከመ ማጣበቂያ ባለበት ጉዳቱ እውነት ነው።

ብርሃን ማብዛትም የራሱ ዋጋ አለው። ዛክና ኮኸን በ1965 በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ የጥርስ ውስጥ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ከጥርሶቹ 15 በመቶ ያህሉ ሕይወታቸውን አጡ። ጠንካራ ኤልኢዲ በጥልቅ ጉድጓድ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲበራ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል፤ ስለዚህ አየር እየነፉ በማቀዝቀዝ ወይም በማብራቶቹ መካከል ፋታ በመስጠት መሥራት ይመከራል።

ገበያው አሁን የሚሮጠው ወደ ፍጥነት ነው። በካሬ ሴንቲሜትር 3,000 ሚሊዋት የሚሰጡ መብራቶችና በ3 ሰከንድ እንዲጠነክሩ ተብለው የተሠሩ ኮምፖዚቶች አሉ፤ ኮምፖዚቶቹ ሰንሰለቱን የሚቆጣጠር ልዩ ተጨማሪ ስላላቸው ከዚያ መብራት ጋር አብረው ሲሠሩ ውጤታቸው መጥፎ አይደለም። ተራ ኮምፖዚትን በዚያው 3 ሰከንድ ማጠንከር ግን ሌላ ነገር ነው። ሌላም ስሌት አለ። በ20 ሰከንድ ማብራት መካከል የሐኪሙ እጅ ለ1 ሰከንድ ቢንሸራተት የሚጠፋው የብርሃኑ 5 በመቶ ነው። በ3 ሰከንድ ግን ሲሶው ይጠፋል።